ባልዲውን የት ደፋኸው?

አንተ በሳሎንህ ባሕር ያስቀመጥህ ሰው፣ ዛሬ የምናገረው ለአንተ ነው።

ቅዳሜ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ከዓሣው ገንዳ በላስቲክ ቱቦ ሃያ ሊትር ያህል ቀንሰህ ባልዲውን ሞላህ። የኋላውን በር በክርንህ ገፍተህ ወጣህ። መንገድ ዳር ካለችው የጎርፍ መውረጃ ስትደርስ ግራና ቀኝ አየህ፤ ከዚያ ጎንበስ ብለህ ደፋኸው። ውሃው በጨለማው ውስጥ ጥቂት ተንዶቀዶቀና ጸጥ አለ። ባልዲህን አራግፈህ ገባህ፤ እጅህን ታጠብህ፤ ተኛህ። እስቲ አንድ ነገር መልስልኝ፤ ግራና ቀኝ ያየኸው ለምን ነበር? ሥራህ ነውር የሌለበት ከሆነ ማንን ፈርተህ ነው?

ይህን የምጠይቅህ እኔም እዚያው ቆሜ ግራና ቀኝ ስላየሁ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ፣ 55 ጋሎን በሚይዝ ገንዳ ሁለት ዓመት የባሕር ዓሣ አኑሬአለሁ። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ከገንዳው የወጣውን ውሃ ሁሉ ደጅ ደፍቼዋለሁ። ከንጹሕ ሰው ወንበር ላይ ሆኜ አልገሥጽህም። ነገር ግን የራሴ በደል አፌን ቢዘጋው ሁለተኛ በደል ይሆንብኛል።

በትንቢተ ሕዝቅኤል 34ኛው ምዕራፍ እግዚአብሔር እረኞቹን ከወቀሰ በኋላ ፊቱን ወደ በጎቹ ያዞራል። ጥሩውን ውሃ ጠጥተው የቀረውን በእግራቸው ያደፈረሱትን፣ የኋለኞቹ በጎች ያንን ድፍርስ እንዲጠጡ ያደረጉትን ይከሳቸዋል። ይህን ቃል በሰማሁ ቁጥር የማስበው ስለ ሹማምንት ነበር። ስለ እኔም እንደሚናገር የገባኝ ብዙ ቆይቶ ነው። ንጹሕ ውሃ ከቧንቧ ቀድቼ፣ ጨው በጥብጬ፣ ለደስታዬ ተጠቅሜበት፣ የቀረውን በእግሬ ወደ ሌላው ገፋሁት።

የምትደፋበትን ቦታ እወቀው። ከቤትህ ውሃ የሚወጣው በሁለት መንገድ ነው። የመጸዳጃ ቤቱ፣ የወጥ ቤቱና የልብስ ማጠቢያው ውሃ በአንድ ቱቦ ተሰብስቦ ወደ ማጣሪያ ጣቢያ ይወርዳል። መንገድ ዳር ያለችው መውረጃ ግን ለዝናብ የተሠራች ናት። በእኛ ሰፈር ከሥሯ ማጣሪያ የለም፤ ጠባቂም የለም። የተቀበለችውን እንዳለ ለወንዙ ታስረክባለች። ከእኔ ቤት ደጅ የወረደው ወደ ስላይጎ ወንዝ ይገባል፤ ስላይጎ ወደ ኖርዝዌስት ብራንች፣ እሱ ወደ አናኮስቲያ፣ አናኮስቲያ ወደ ፖቶማክ፣ ፖቶማክም ወደ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ። በብዙዎቹ መውረጃዎች ላይ ይህንኑ የሚናገር ጽሑፍ ከዓሣ ሥዕል ጋር ተለጥፏል። እኔ ሁለት ዓመት ያንን ጽሑፍ ረግጬ ቆሜ ነው የደፋሁት።

«አንዲት ባልዲ ናት» ትለኛለህ። እሺ፣ አብረን እንቁጠራት።

የባሕር ውሃ በአንድ ሊትር 35 ግራም ያህል ጨው ይይዛል፤ አንተም ገንዳህን በመለኪያ እያየህ በዚያው ልክ ትበጠብጠዋለህ። በሃያ ሊትር ባልዲህ ውስጥ 700 ግራም ጨው አለ ማለት ነው። በየሳምንቱ አንድ ባልዲ ብትደፋ በዓመት 36 ኪሎ ይሆናል። ከሱቅ የምትገዛውን የ25 ፓውንድ የጤፍ ዱቄት ከረጢት ሦስቱን ደርድረህ በዓይንህ ገምተው። አሁን ያንን ሁሉ ጨው እየዘገንህ ወንዝ ውስጥ ስትበትን ራስህን ተመልከት። በቀን፣ ጎረቤት እያየህ ታደርገዋለህ?

ከዚህም የሚከፋ ቁጥር አለ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ1988 ለጨው አልባ ወንዞችና ሐይቆች ፍጥረታት ባወጣው መመዘኛ፣ ክሎራይድ ለቀናት ሲቆይ በሊትር ከ230 ሚሊግራም እንዳያልፍ ይላል። በባሕር ውሃ ውስጥ ያለው ክሎራይድ በሊትር 19,000 ሚሊግራም ገደማ ነው። ስለዚህ ያንተ አንድ ባልዲ ወደዚያ ልክ እንዲወርድ ከ1,600 ሊትር በላይ ንጹሕ ውሃ ያስፈልገዋል። በክረምቱ ጎርፍ ጊዜ ይህ ውሃ ይገኝ ይሆናል። በነሐሴ ድርቅ፣ ወንዙ በድንጋዮቹ መካከል እንደ ክር ቀጥኖ ሲንጠባጠብ ግን ከየት ይመጣል? ጨዋማ ውሃ ደግሞ ይከብዳል፤ ጸጥ ባለ ኩሬ ላይ ሲያርፍ ወደ ታች ሰጥሞ እታች ያሉትን እንቁላሎችና እጮች ያለብሳል።

እነዚያን እጮች ያሳየኝ ጎረቤቴ ነው። ወንዙን በበጎ ፈቃድ ከሚጠብቁት አንዱ ነው፤ በግንቦት አንድ ጠዋት ወደ ስላይጎ ይዞኝ ወረደ። ቁርጭምጭሚት በሚደርስ ውሃ ውስጥ ቆሞ መዳፍ የሚያህል ድንጋይ አነሣና ገልብጦ አቀረበልኝ። ጭቃ ብቻ ነበር የታየኝ። «ዝም ብለህ ተመልከት» አለኝ። ጥቂት ቆይቶ ከጭቃው አንዱ ተንቀሳቀሰ። ከስንዴ ፍሬ አይበልጥም፤ እንደ ክር የቀጠኑ ሦስት ጅራቶች አሉት፤ በሁለቱ ጎኖቹ እንደ ላባ የሳሱ ስንጥቦች ይርገበገባሉ። ያ መርገብገብ ትንፋሹ ነው። ጎረቤቴ እንደነገረኝ ይህ እጭ ለወንዙ ዓሣ ቀለቡ ነው፤ ጨው ሲበዛ ቀድመው ከሚጠፉትም አንዱ ነው። ሰውነቱ በጨው አልባ ውሃ ውስጥ ያለችውን ጥቂት ጨው ቆጥቦ ለመያዝ የተሠራ ነውና በላዩ ላይ የጨው ማዕበል ሲወርድበት መከላከያ የለውም።

ከዚያ ጎረቤቴ ድንጋዩን መለሰው። አልጣለውም። በሁለት እጁ ይዞ፣ እጩ ያለበትን ፊት ወደ ታች አድርጎ፣ ድንጋዩ ከተነሣበት ጉድጓድ ውስጥ እንደ እንቁላል አስቀመጠው። ጎረቤቴ ስለ እኔ ባልዲ ምንም አያውቅም፤ ቃልም አልተናገረኝ። ያ ጥንቃቄው ግን ከስድብ ሁሉ በላይ አቃጠለኝ።

እኔ ያደግሁት አዲስ አበባ፣ ቀበና ወንዝ አጠገብ ነው። እናቶቻችን ልብስ ያጠቡበት፣ እኛ የዋኘንበት ወንዝ ዛሬ አፍንጫ ተይዞ የሚታለፍ ሆኗል። ማን ገደለው ብትል አንድ ሰው አታገኝም። እያንዳንዱ ቤት ትንሽ ትንሹን ለቀቀ፤ እያንዳንዱ «የእኔ ምን ያህል ነው?» አለ። አንተም ምናልባት ከግንፍሌ ወይም ከአቃቂ ዳር መጥተህ ይሆናል፤ በአገርህ ወንዝ ሞት አዝነሃል፤ ቡና ላይ ተቀምጠህ ባለሥልጣን ወቅሰሃል። ታዲያ ውቅያኖስ ተሻግረህ መጥተህ ያንኑ ቃል በሌላ ሕዝብ ወንዝ ላይ ትደግመዋለህ? ተቀብሎ ያስጠለለህን አገር ውሃ?

«መንግሥት ራሱ በበረዶ ጊዜ በየመንገዱ ጨው ይበትን የለም ወይ?» የሚል መልስ ሰምቻለሁ። አዎን፣ ይበትናል፤ ወንዞቹም በዚያ የተነሣ ከዓመት ወደ ዓመት ጨዋማ እየሆኑ መጥተዋል። የታመመ ሰው ደጋግመው ስለመቱት ያንተ ጥፊ ሕጋዊ አይሆንም። የመንገዱ ጨው የሚወርደው በክረምት ነው፤ ያንተ ግን እጮቹ ከእንቁላል በሚወጡበት በጸደይም፣ ወንዙ በሚደርቅበት በበጋም አያቋርጥም። ደግሞም የደፋኸው ጨው ብቻ አይደለም። ዓሣህ ሲታመም መዳብ ያለበት መድኃኒት ጨምረህበታል። መዳብ የዓሣን ተባይ ይገድላል፤ ቀንድ አውጣንና ሽሪምፕንም በጥቂት መጠን እንኳ ይገድላል። ለዚህም ነው ሻጩ ሽሪምፕ ባለበት ገንዳ ውስጥ እንዳትጨምረው ያስጠነቀቀህ። በገንዳህ ላለው ሽሪምፕ ተጠንቅቀህ በወንዙ ላለው ለምን ጨከንህ?

ሌላው ደግሞ፣ «እኔ መውረጃ ላይ አልደፋም፤ ሣር ላይ ነው የማፈሰው» ይላል። ይህንንም ሞክሬዋለሁ። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ በከረመችበት ዓመት ከቤታችን ጀርባ ጤና አዳም፣ በሶብላና ጎመን ተክላ ነበር። እሷ ከተመለሰች በኋላ ዝናቡ ቢጠፋ፣ ውሃ ውሃ ነው ብዬ የገንዳውን ውሃ አጠጣሁት። በሦስተኛው ሳምንት የጎመኑ ቅጠል ከጠርዙ ጀምሮ እሳት እንደ ለበለበው ቡናማ ሆነ። ጤና አዳሙ ከላይ ወደ ታች ደረቀ። ዐፈሩ ደግሞ ቅርፊት ሠርቶ፣ ንጹሕ ውሃ ሳፈስበት እንኳ ውሃው ላዩ ላይ ይተኛ ጀመር። ጨው በዐፈር ውስጥ ሲበዛ ሥር ውሃ መሳብ ያቅተዋል፤ ተክሉ እግሩ ውሃ ውስጥ ቆሞ በጥም ይሞታል። የሸክላውን ዐፈርም ሶዲየሙ ያላላውና ቀዳዳው ይደፈናል። በመጽሐፈ መሳፍንት 9ኛው ምዕራፍ አቤሜሌክ ሴኬምን ካፈረሰ በኋላ ጨው ዘራባት። እሱ ያንን ያደረገው ባመፀችበት ከተማ ላይ ነው። እኔ በእናቴ ጤና አዳም ላይ አደረግሁት፤ በስልክ «አትክልቴ እንዴት ነው?» ስትለኝም «ደህና ነው» ብዬ ዋሸኋት። አየህ፣ ኃጢአት ብቻዋን አትመጣም።

አሁን ደግሞ በባሕር ዳርቻ የምትኖሩ፣ እናንተ የሳንዲዬጎ፣ የሎስ አንጀለስና የማያሚ ሰዎች ስሙኝ። «እኛ ዘንድ መውረጃው የሚገባው ባሕር ነው፤ ባሕር ደግሞ ጨው ነው፤ ጨው በጨው ላይ ምን ይጎዳል?» ትሉ ይሆናል። የእናንተ ባልዲ ከእኔ ባልዲ ይልቅ ያስፈራኛል። የእኔ ውሃ የባሕር ፍጥረት ወደማይኖርበት ወንዝ ወረደ፤ በውስጡ የነበረው ሕያው ነገር በዚያው ሞተ። የእናንተ ግን አይሞትም። እዚያ ሲደርስ አገሩ ገባ።

እ.ኤ.አ. በ1984 ከሞናኮ የባሕር ሙዚየም ሥር፣ በሜዲትራኒያን ወለል ላይ አንድ ካሬ ሜትር የማትሞላ አረንጓዴ የባሕር አረም ታየች። ኮለርፓ ትባላለች፤ ለዓሣ ገንዳ ጌጥ ስትራባ የኖረች ዝርያ ናት። ከእሷ የተቆረጠ ቁራጭ ብቻ ለመባዛት ይበቃታል። በ15 ዓመት ውስጥ በሺዎች በሚቆጠር ሄክታር የባሕር ወለል ላይ ተሰራጨች። ከዚያ በሰኔ 2000 በካሊፎርኒያ፣ ከሳንዲዬጎ በስተሰሜን ባለችው ካርልስባድ፣ አጓ ሄዲዮንዳ በሚባለው ሐይቅ ውስጥ ጠላቂዎች ያችኑ አረም አገኟት። ከሰው ቤት ገንዳ ወጥታ እንደሆነ ነው የሚታመነው። እሷን ለማጥፋት እያንዳንዱን ቁጥቋጦ በሸራ ሸፍነው ከሥሩ ክሎሪን ለቀቁበት፤ ጠላቂዎች ለዓመታት የሐይቁን ወለል በዳበሳ ፈተሹ። ጠፍታለች ተብሎ የታወጀው በ2006 ነው፤ ወጪው ከ7 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆነ። በ2021 ደግሞ እህቷ የሆነች ሌላ ኮለርፓ እዚያው ካሊፎርኒያ፣ ኒውፖርት ቤይ ውስጥ ተገኘች። የአንድ ሰው የስንፍና ደቂቃ ስንት ዓመት እንደምታስከፍል ከዚህ ቁጠረው።

የአንበሳ ዓሣውንም ነገር ማንሣት አለብኝ፤ እሱ የእኛው የቀይ ባሕር ጎረቤት ነውና። ዛሬ አትላንቲክን ከወረሩት ሁለት ዝርያዎች አንዱ መኖሪያው ቀይ ባሕርና የሕንድ ውቅያኖስ ነው። በራሱ አገር ቦታውን ያውቃል። ሰዎች ለውበቱ ገዝተው፣ ሲያድግና አብሮት ያለውን ሁሉ ሲበላ ሰልችተው ፍሎሪዳ ላይ እንደለቀቁት ይታመናል፤ እዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ1985 ዴኒያ ቢች አጠገብ ነው። 18 መርዘኛ እሾህ አለው፤ ሴቷ በዓመት ሁለት ሚሊዮን ያህል እንቁላል ትጥላለች፤ የዚያ ባሕር ትናንሽ ዓሦች ጠላት መሆኑን አያውቁምና አይሸሹትም። ዛሬ ከሰሜን ካሮላይና እስከ ብራዚል ደርሷል። የለቀቁት ሰዎች «ነጻ አወጣነው» ብለው ሳይሆን አይቀርም። ርኅራኄ መስሏቸው ሺዎችን አስበሉ። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

ወንድሜ፣ እኅቴ፣ እንግዲህ ንስሐ ግቡ። ካህን አይደለሁም፤ ቀኖና የመስጠት ሥልጣንም የለኝም። ንስሐ ግን መመለስ እንደሆነ ከልጅነታችን ጀምሮ ተምረናል፤ እዚህ ላይ መመለስ ማለት ደግሞ በእግር ነው። በሩ ጋ የደረስህበትን ባልዲ ይዘህ ወደ ውስጥ ተመለስ። ደረጃውን ውረድ፤ በቤዝመንቱ ማጠቢያ ወይም በሽንት ቤቱ ውስጥ ቀስ ብለህ አፍስሰው። ማጣሪያ ጣቢያው ጨውን አያወጣልህም፤ ይህን ልደብቅህ አልፈልግም። ነገር ግን ከብዙ ሺህ ቤቶች ውሃ ጋር ስለሚቀላቀል ይቀጥናል፤ በውስጡ ያለው ሕያው ነገርም ወንዝ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይያዛል። ቤትህ ከከተማው ፍሳሽ ያልተገናኘ፣ በግቢህ የተቀበረ ሴፕቲክ ታንክ ያለው ከሆነ ግን እዚያ አታፍስሰው፤ ጨው ታንኩ ውስጥ ያሉትን ባክቴሪያዎች ይጎዳል፤ ከታንኩም ወደ ዐፈሩ ይወርዳል። የካውንቲህን የውሃ ክፍል ደውለህ ጠይቅ። ስልክ መደወል ያሳፍራል? በጨለማ መድፋቱ አላሳፈረህም።

አረሙን፣ አሸዋውንና ድንጋዩን በላስቲክ ከረጢት አስረህ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን በማቀዝቀዣው የበረዶ ክፍል አቆየው፤ ከዚያ ከቆሻሻ ጋር ጣለው። አደራ፣ ድንጋዩን አትቀቅለው! አንዳንድ የገንዳ ኮራሎች ፓሊቶክሲን የሚባል ብርቱ መርዝ አላቸው፤ ድንጋይ ቀቅለው እንፋሎቱን በመተንፈስ ከነቤተሰባቸው ሆስፒታል የገቡ ሰዎች አሉ። ዓሣው ሲሰለችህ ለሻጩ መልሰው፣ ወይም ለሚያሳድግ ሰው ስጠው። የትኛውም ውሃ ውስጥ አትልቀቀው።

ሕጉም ይከለክላል፤ ብዙ ካውንቲዎች ከዝናብ በቀር ሌላ ፍሳሽ ወደዚያ መውረጃ እንዳይገባ የመከላከል ግዴታ አለባቸው፤ ቅጣትም አለው። በቅጣት ግን አላስፈራራህም። በየዓመቱ ጥር ላይ ነጭ ለብሰህ ጥምቀትን ታከብራለህ። ካህኑ ውሃውን ሲባርክ ጠብታዋ እንድትደርስህ ሰው ትገፋለህ፤ በእጅህ ተቀብለህ ፊትህን ትቀባለህ፤ በትንሽ ጠርሙስ ሞልተህ ለታመመ ዘመድ ትወስዳለህ። ዮርዳኖስም ወንዝ ነው። እጭ አለው፣ ዓሣ አለው፣ ከታች የሚጠጣ በግ አለው። በዓመት አንድ ቀን ለውሃ እየሰገድህ በሃምሳ ሁለቱ ቅዳሜ ልታቆሽሸው አይገባህም።

ዘኬዎስ በተመለሰ ቀን በቃል ብቻ አልተመለሰም፤ የቀማውን አራት እጥፍ ሊከፍል ተነሣ። እኔ ሁለት ዓመት የደፋሁትን ጨው ከስላይጎ ለቅሜ ላወጣው አልችልም። የምችለው በወር አንድ ቅዳሜ ከጎረቤቴ ጋር ወርጄ ቆሻሻ መልቀም ነው፤ ድንጋይ ሳነሣም እንዳየሁት አድርጌ መመለስ። ለእናቴም እውነቱን ነገርኋት። ዝም አለች፤ ከዚያ «ዐፈሩን ለውጠውና ዘር እልክልሃለሁ» አለችኝ።

ይህን የምታነብ አንተ፣ ሳሎንህ ውስጥ ያ ገንዳ ካለ፣ ወይም ገንዳ ያለው ወዳጅ ካለህ፣ ነገ አትበል። በዚህ ሳምንት ባልዲው ሲሞላ የኋላው በር ተዘግቶ ይቆይ።